ሃያ ጊዜ «አልተመረጡም» ከተባላችሁ፣ ሲቪውን ከማፍረሳችሁ በፊት

ሠላሳ ቦታ አመልክቶ ከሃያ አምስቱ ድምፅ ማጣት፣ ከአምስቱ ደግሞ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ በዚህ ዙር አልተመረጡም» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል መቀበል ሰውን ያደክማል። ገና ትምህርቱን ለሚጨርስ ሰው ደግሞ «ለካ ለምንም አልበቃም» የሚል ስሜት ያሳድራል። በዚህን ጊዜ ብዙ ተማሪ ሲቪውን አፍርሶ፣ አዲስ ዲዛይን አውርዶ፣ ያንኑ ይዘት በሌላ ቀለም ይሞላና እንደገና ሠላሳ ቦታ ይልካል። ውጤቱ የማይለወጠው ብልሽቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ጥገና ስለተጀመረ ነው። የሲቪ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ለኢንተርቪው ማስጠራት። ከኢንተርቪው በኋላ የመጣ «አይሆንም» የሲቪው ጥፋት አይደለም። ከኢንተርቪው በፊት የመጣውም ቢሆን ሁሉም የሲቪው አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ መቁጠር ነው።

የምትወድቁበትን ደረጃ ፈልጉ

በኤክሴልም ሆነ በደብተር ሰባት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ያመለከታችሁበት ቀን፣ ድርጅቱ፣ የሥራው መጠሪያ፣ ማስታወቂያውን ያገኛችሁበት መንገድ፣ የላካችሁት የሲቪ ቅጂ፣ የደረሳችሁበት ደረጃ፣ የመጨረሻው መልስ የመጣበት ቀን። እስካሁን ያመለከታችሁትንም ከኢሜይላችሁ እየፈለጋችሁ ወደ ኋላ ሙሉት። የማስታወቂያውን ሙሉ ጽሑፍም ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ማስታወቂያው የማመልከቻው ቀን ሲያልፍ ከድረ ገጹ ይነሣል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለኢንተርቪው ስትጠሩ ድርጅቱ ምን ይፈልግ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ብዙ ነገር ይናገራል። ከሠላሳ ማመልከቻ አንድም ጥሪ ካልመጣ ወይ ሲቪው ወይ የምታመለክቱበት የሥራ ዓይነት አልገጠመም ማለት ነው። ማመልከቻውን ከላካችሁ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አለዚያም ሌሊት ላይ «አልተመረጡም» የሚል መልስ ከመጣ ግን ሲቪያችሁን ሰው ሳያነበው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በኦንላይን ቅጹ ላይ ያለ የማጣሪያ ጥያቄ ነው ያስወጣችሁ፦ ስንት ዓመት ልምድ አለህ፣ የሥራ ፈቃድ አለሽ፣ ድግሪው ተጠናቋል ወይ የሚሉት። እንዲህ ዓይነቱን ውድቀት የትኛውም የሲቪ ዲዛይን አያድነውም፤ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ አንብቦ የማይሞላ ግዴታ ያለበትን መተው ነው መፍትሔው።

በስልክ የመጀመሪያ ንግግር ላይ ተጠርታችሁ ከዚያ የምትቀሩ ከሆነ ሲቪው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ሲቪው ላይ ያለውን በአፍ ማስረዳት አለመቻል፣ ወይም ሥራ የምትጀምሩበት ቀንና የምትጠብቁት ደመወዝ ከእነሱ ጋር አለመግጠም ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ የደረሰ ሰው ደግሞ እባካችሁ ሲቪውን አይንካው። የቀረው የኢንተርቪው ልምምድ ነው።

አምስትና ስድስት ማመልከቻ ግን ምንም አይናገርም። ቦታው ቀድሞ ለውስጥ ሠራተኛ የታሰበ ሊሆን ይችላል፤ በጀቱ ታግዶ ማስታወቂያው ብቻ ሳይነሣ የቀረ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ማመልከቻ ሳይጠራቀም ፍርድ አትስጡ፣ በተለይ በራሳችሁ ላይ።

ሲቪው በማሽን ዓይን

ብዙ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት የፋይሉን ጽሑፍ ለቅሞ በየሣጥኑ በሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው። ይህ ሶፍትዌር ሁሉንም ሰው በራሱ ውሳኔ ይጥላል የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። እውነተኛው ጉዳት ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ተዘበራርቆ ሲገባ ቀጣሪው «ኤክሴል» ብሎ ሲፈልግ የእናንተ ስም አይወጣለትም።

ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የሲቪውን ፒዲኤፍ ክፈቱ፣ ሁሉንም ጽሑፍ መርጣችሁ ቅዱ፣ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። የሚታያችሁ ማሽኑ ከሚያየው ጋር በጣም ይቀራረባል። ምንም ነገር ካልተቀዳ ፒዲኤፉ ፎቶ ነው ማለት ነው፤ ስካን የተደረገ ወይም ከዲዛይን መሥሪያ በምስል መልክ የወጣ። የትምህርት መስመርና የክህሎት መስመር ተቀላቅለው ከወጡ ጥፋቱ የሁለት ዓምድ አቀማመጡ ነው። ስልክ ቁጥራችሁ ከጠፋ በገጹ ራስጌ ውስጥ ስለጻፋችሁት ይሆናል፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ራስጌና ግርጌን አያነብም። «ስልክ»፣ «ኢሜይል» ብሎ በቃል ከመጻፍ ይልቅ በትንሽ የስልክና የፖስታ ምስል ብቻ የተመለከተ አድራሻም እንዲሁ ሊጠፋ ይችላል። ሲቪው በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ። በቆዩት ዩኒኮድ ያልሆኑ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አምሮ ይታይና በሌላው ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ዓምድ፣ ያለ ሠንጠረዥና ያለ ጽሑፍ ሣጥን፣ የተለመዱ ርእሶች («ትምህርት»፣ «የሥራ ልምድ»፣ «ፕሮጀክቶች»፣ «ክህሎት»)፣ ከ10 እስከ 12 ነጥብ የሆነ ፊደል፣ በአራቱም ጎን 2 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ። ለተማሪ አንድ ገጽ ይበቃል። ፋይሉን በስማችሁና በሥራው መጠሪያ ሰይሙት፤ «ሲቪ አዲሱ የመጨረሻ 3» የሚል ፋይል ቀጣሪው ኮምፒውተር ላይ ካሉት መቶ ፋይሎች ጋር ይቀላቀላል።

በሰው ዓይን

ሰው ሲቪን መጀመሪያ ላይ የሚያየው በሰከንዶች ነው። ስም፣ የትምህርት ዓይነትና የምረቃ ዓመት፣ የመጨረሻው ልምድ ወይም ፕሮጀክት፣ ከሥሩ ያለው የመጀመሪያ መስመር። ከዚህ በኋላ ነው ማንበብ ይገባው እንደሆነ የሚወስነው። ስለዚህ የገጹ የላይኛው ሢሶ ውድ መሬት ነው። እዚያ ላይ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ አዲስ ነገር ለመማር ጉጉ ነኝ» የሚል አንቀጽ ያሰፈረ ሰው ያን መሬት በከንቱ ሰጥቷል፤ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሁሉም ጽፎታልና። መግቢያ ካስፈለገ ሁለት መስመር ይሁን፦ ምን ተማርኩ፣ የትኛውን ሥራ እፈልጋለሁ፣ ለዚያ ሥራ ያለኝ ትልቁ ማስረጃ ምንድን ነው።

የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የወላጅ ስም፣ ሙሉ የመኖሪያ አድራሻ፣ ማስታወቂያው ካልጠየቀ በቀር አያስፈልጉም። ፎቶ በአንዳንድ አገር የተለመደ ነው፣ በሌላው ደግሞ ቀጣሪዎች አይፈልጉትም፤ የምታመለክቱበትን አገር ልማድ ተከተሉ። «ሲጠየቅ ምስክሮች አቀርባለሁ» የሚለውም ይውጣ፣ ሲጠየቅ ማቅረባችሁ የታወቀ ነው። የትምህርት ውጤት ጥሩ ከሆነ ይጻፍ፤ ካልሆነና ማስታወቂያው ካልጠየቀ መተው ውሸት አይደለም። አጠቃላዩ ዝቅ ብሎ የዋናው ትምህርት ዘርፍ ውጤት ከፍ ያለ ከሆነ የኋለኛውን «በዋና ትምህርት» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይቻላል። ክህሎትን በኮከብ ወይም በተሞላ አሞሌ ማሳየት ይቅር፤ አምስት ውስጥ አራት ኮከብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «ማይክሮሶፍት ኦፊስ» ከማለት «ኤክሴል፦ ፒቮት ሠንጠረዥ፣ ቪሉክአፕ፣ ቻርት» ማለት ስንት እጥፍ ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ የተማሪ ሲቪ በአብዛኛው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። መስመሮቹ ማስረጃ መሆን ሲገባቸው የሥራ መደብ መግለጫ ሆነው ይቀራሉ። ለምሳሌ በቤተ መጻሕፍት በትርፍ ሰዓት የሠራ ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

«በቤተ መጻሕፍት ረዳትነት ሠርቻለሁ። ተማሪዎችን የማገልገል ኃላፊነት ነበረብኝ።»

ይህ መስመር በዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ማንኛውም ሰው እውነት ነው፤ ሰነፉም ጎበዙም ይጽፈዋል። ያው ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስብ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«በሳምንት 12 ሰዓት በመጽሐፍ ማዋሻ ጠረጴዛ ሠርቼ በአንድ ፈረቃ 60 ያህል ተማሪ አስተናግጃለሁ። መመለሻ ቀናቸው ያለፈ መጻሕፍትን ዝርዝር በኤክሴል አዘጋጅቼ በየሳምንቱ ማስታወሻ እንዲላክ በማድረጌ ያልተመለሱት መጻሕፍት በአንድ የትምህርት ወቅት ከ140 ወደ 85 ወርደዋል።»

ምን ተጨመረ? «12 ሰዓት» ትምህርትና ሥራን አብሮ ማስኬድ መቻሉን ይናገራል። «60 ተማሪ» ግርግር ውስጥ መሥራቱን። «ኤክሴል» ቀጣሪው በማሽን የሚፈልገው ቃል ነው፤ ያውም በክህሎት ዝርዝር ውስጥ ተንጠልጥሎ ሳይሆን ሥራ ሲሠራበት ይታያል። የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ ማንም ሳያዘው ችግር አይቶ መላ መፍጠሩን ያሳያል። «ተነሳሽነት አለኝ» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ተነሳሽነቱን አስመስክሯል።

ቁጥር የለኝም የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አልፈለገም። ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ገጽ፣ ስንት ስህተት፣ ከስንት ሰው ጋር ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ያልቆጠራችሁትን ግን አትፍጠሩ። ኢንተርቪው ላይ «ከ140 ነው የወረደው ያልሽው በምን ለክተሽ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ ያጣ ሰው የቀረው ሲቪው ሁሉ አብሮ ይጠረጠርበታል። ግምት ከሆነ «ያህል» ወይም «በግምት» በሉ። ለውጡ ካልተለካ የሥራውን መጠን ብቻ ጻፉ፤ ያም ከባዶ ገለጻ ይሻላል።

የቡድን ፕሮጀክት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «የተማሪ ምዝገባ ሥርዓት ሠራን» የሚል መስመር ያነበበ ሰው የሚጠይቀው «አንተስ ምን ሠራህ?» ብሎ ነው። «ከአራት ጓደኞቼ ጋር በሠራነው የምዝገባ ሥርዓት የእኔ ድርሻ የመረጃ ቋቱ ነበር፤ 9 ሠንጠረዥ ነድፌ፣ በ30 ተማሪዎች ስናስሞክረው ከተገኙት 11 ስህተቶች ስምንቱን አርሜያለሁ» ቢባል የቡድኑም የግሉም ድርሻ ይለያል። ያልታረሙትን ሦስት ስህተቶች አትደብቋቸው፤ ለምን እንደቀሩ ማስረዳት የሚችል ተማሪ ኢንተርቪው ላይ ይወደዳል።

የሚጻፍ ነገር ጭራሽ የለም የምትሉ ካላችሁ መልሱ ሌላ የምስክር ወረቀት መሰብሰብ አይመስለኝም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚፈጅ አንድ ትንሽ ሥራ ለእውነተኛ ተጠቃሚ ሥሩ፦ ለአንድ ማኅበር የአባላት መዝገብ በኤክሴል ማደራጀት፣ ለአንድ ክበብ የሦስት ወር የገቢና ወጪ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ በይፋ የተለቀቀ መረጃ ወስዶ የሁለት ገጽ ትንተና መጻፍ። ሲጀመርና ሲያልቅ ያለውን ሁኔታ መዝግቡ፤ የሲቪው መስመር የሚወጣው ከዚያ ልዩነት ነው።

አንድ ሲቪ ለሁሉም አይላክም

ሁለት ፋይል ይኑራችሁ። አንደኛው ለማንም የማይላክ እናት ፋይል ነው፤ የሠራችሁት ሁሉ፣ እያንዳንዱ ፕሮጀክት በአራት አምስት መስመር፣ ሦስት አራት ገጽ ቢሆንም ችግር የለም። ሁለተኛው ከእሱ ተቆርጦ ለአንድ ማስታወቂያ የሚዘጋጀው ባለ አንድ ገጽ ቅጂ ነው። እናት ፋይሉ ካለ አንዱን ቅጂ ለማዘጋጀት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል።

ማስታወቂያውን ስታነቡ ግዴታ የሆነውን («ያስፈልጋል»፣ «ሊኖረው የሚገባ») እና ቢኖር የሚመረጠውን («ተመራጭ ነው») ለዩ። የተመራጩ ዝርዝር ስላልተሟላ ብቻ አትቅሩ፤ ያንን ሁሉ የሚያሟላ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገሙትን ቃላት አስምሩባቸው። ማስታወቂያው «የደንበኞች አገልግሎት» ካለና እናንተ «የተገልጋይ መስተንግዶ» ካላችሁ ነገሩ አንድ ቢሆንም ፍለጋው አያገናኛችሁም፤ የእነሱን ቃል ተጠቀሙ። ይህ የሚሠራው በእርግጥ የሠራችሁትን ስትሰይሙ እንጂ የማታውቁትን ስትጨምሩ አይደለም። በመጨረሻም ከዚያ ሥራ ጋር በጣም የሚገጥመውን መስመር ወደ ላይ አውጡት። የመስመሮቹን ቅደም ተከተል መቀየር ብቻውን ሲቪውን ሌላ ያደርገዋል።

የማመልከቻ ደብዳቤ ሲጠየቅ ከ250 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሲቪውን በዐረፍተ ነገር መድገም አይጠቅምም። ከማስታወቂያው አንድ ችግር ወይም ኃላፊነት ምረጡ፣ ያንን የሚመስል ምን እንደሠራችሁ ተናገሩ፣ መቼ መጀመር እንደምትችሉ ጠቁሙ። የሌላ ድርጅት ስም ሳይቀየር የቀረበት ደብዳቤ ያለ ሁለተኛ ንባብ ይጣላል፤ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የድርጅቱን ስም ፈልጉና አረጋግጡ።

ማስታወቂያ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማመልከት ይረዳል። የማመልከቻው ቀን እስኪያልፍ ሳይጠብቁ በመጣ ቁጥር የሚያነቡ ቀጣሪዎች አሉ፤ የሚበቃ ሰው ካገኙ የኋለኞቹ ላይነበቡ ይችላሉ። ደግሞም ለቅጥር፣ ለሥልጠና ወይም ለምዝገባ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ማንም ቢሆን ቀጣሪ አይደለም፤ መልስ አትስጡት።

ሰው በሰው

ማስታወቂያ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት ፍለጋውን ያረዝመዋል። ከእናንተ ትምህርት ክፍል ቀድመው ተመርቀው በምትፈልጉት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ሊንክዲን ላይ ፈልጉ። «ሥራ ካለ ንገሩኝ» የሚል መልእክት መልስ አያገኝም፤ ሥራው በእጃቸው አይደለምና ዝም ይላሉ። በቀላሉ ሊመልሱት የሚችሉትን ጠይቁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ እርስዎ በተመረቁበት ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። አሁን በኦዲት ሥራ ላይ እንደሆኑ አየሁ፤ እኔም ወደዚያው ለመግባት እያመለከትኩ ነው። ጀማሪ ኦዲተር በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዛት የሚሠራው ምን እንደሆነና ከኤክሴል የትኛውን ክፍል ማጠንከር እንዳለብኝ ቢነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል። በጽሑፍም በ15 ደቂቃ ስልክም ለእርስዎ በሚመች መንገድ ይሁን። ጊዜዎን ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ከዐሥር ሰው ሁለት ሦስቱ ቢመልሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚነግሯችሁ ዝርዝር ራሱ ሲቪውን ያስተካክላል፤ የሥራውን ትክክለኛ ቃል ከእነሱ ትማራላችሁ። ቦታ ሲከፈትም የሚያስታውሱት ሥራ የለመነውን ሳይሆን በቁም ነገር የጠየቀውን ነው። ምክራቸውን ከተጠቀማችሁበት በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ሁለት መስመር መልሳችሁ ጻፉላቸው።

ኢንተርቪው ላይ የምትቀሩ ከሆነ

አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ ገጠመኞች አዘጋጁ፦ ከሰው ጋር የተጋጫችሁበት፣ የተሳሳታችሁበት፣ ጊዜ ያጠራችሁበት፣ አዲስ ነገር በፍጥነት የተማራችሁበት፣ ሰው ያስተባበራችሁበት። እያንዳንዱ በአራት እግር ይቁም፤ ሁኔታው፣ የእናንተ ድርሻ፣ ያደረጋችሁት፣ የተገኘው ውጤት። በአጠቃላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት ሚዛኑን ነው፤ ሁኔታውን ሲተርኩ አንድ ደቂቃ ተኩል ይሄድና ያደረጉት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። ግማሹ ጊዜ ለ«ያደረግሁት» ይሁን። በስልካችሁ ቅዱትና አዳምጡ፤ «እኛ» የምትሉበትን ቦታ ቁጠሩ፣ የትኛው «እኔ» መሆን እንዳለበት ያኔ ይሰማችኋል። «ስለ ራስህ ንገረን» ለሚለው የ60 ሰከንድ መልስ ይኑራችሁ፤ ከሕይወት ታሪክ ሳይሆን ወደዚህ ሥራ ከሚያመጣችሁ ነገር የሚጀምር።

ከኢንተርቪው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አጭር ምስጋና ላኩ። ቀጠሮ ያልሰጡ እንደሆነ ከሰባት እስከ ዐሥር የሥራ ቀን ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ ከዚያ ሳምንት ቆይታችሁ አንድ ጊዜ ድገሙና ተዉት። «አልተመረጡም» ሲመጣ «ምን ጎደለኝ?» ብላችሁ በደምሳሳው አትጠይቁ። ብዙ ድርጅቶች ክርክር እንዳይመጣ ስለሚፈሩ ለእንዲህ ያለው ዝም ይላሉ። «በተግባር ፈተናው ላይ ከመረጃ ማጽዳትና ከሪፖርት አጻጻፍ ይበልጥ ማሻሻል ያለብኝ የትኛውን ነው?» የሚል በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ የተሻለ ዕድል አለው። በዚያው ኢሜይል ላይ ሌላ ቦታ ሲከፈት እንደገና እንደምታመለክቱ ጥቀሱ፤ ሁለተኛ የወጣ ሰው ስም በፋይል ይቀመጣል፣ የተመረጠውም ሰው አንዳንዴ ሳይጀምር ይቀራል።

ሲቪውን ካስተካከላችሁ በኋላ ቀጣዮቹን 15 ማመልከቻዎች በአዲሱ ቅጂ ብቻ ላኩና ሠንጠረዡ ላይ «ቅጂ 2» ብላችሁ መዝግቡ። በዚህ መሐል የሥራውን ዓይነትም ደብዳቤውንም አብራችሁ አትቀያይሩ፤ ጥሪ ቢመጣ የትኛው ለውጥ እንዳመጣው አይታወቅምና። ከ15ቱ ሁለት ሦስት ከተጠራችሁ ቅጂውን ይዛችሁ ወደ ኢንተርቪው ልምምዱ እለፉ። አሁንም ዝምታ ከሆነ ሲቪውን ለሦስተኛ ጊዜ ከመንካታችሁ በፊት በዚያ ሙያ ላይ ላለ አንድ ሰው ሲቪውንና አንድ ማስታወቂያ ጎን ለጎን ስጡት፣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ አስነብባችሁ ውሰዱበትና «ምን ታስታውሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሊያስታውስ ይገባው የነበረና ያላስታወሰው ነገር፣ ገጹ ላይ የቱ ጋ እንደተቀበረ ፈልጋችሁ ወደ ላይ አውጡት።